የይመኙሻልን ማሽን የነካው እጅ

ሞላሌ ውስጥ የሚጻፍ ነገር ያለው ሰው ሁሉ ይመኙሻል ምንይሉን ያውቃታል። በወጣትነቷ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች። የታይፕ መኪና ዘመን ሲያልፍ ሥራዋን ለቀቀችና ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ ቤት ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን አቁማ የራሷን ጽሕፈት ቤት ከፈተች። የክስ አቤቱታ ትጽፋለች፤ የአንድ ለአምስት ቅጽ ታባዛለች፤ ለደብሩ የንግሥ መርሐ ግብር ትተይባለች፤ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። ባሏ በወጣትነቱ ሞቶባታል፤ ልጅም አልወለዱም። ብዙ የማትናገር፣ ሥራዋን አጥርታ የምትሠራ ሴት ናት።

ያነሳችውን ፎቶ ደግሞ አታጠፋም። በአካባቢው ያለ ብዙ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ የተነሳው እሷ ዘንድ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ይመጣና፣ ከኮምፒውተሯ ፈልጋ ለሐዘኑ የሚሆነውን ምስል አሳድጋ ታወጣለታለች። ስለዚህ በዚያ ማሽን ውስጥ የሞላሌ ሰው ፊት፣ በሕይወት ያለውም ያረፈውም፣ አንድ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. ክረምት ነው። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን ሸፍኖት በበሩ በኩል የሚታይ ነገር አልነበረም። መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ያስተየቡትን መርሐ ግብር ሊወስዱ መጥተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። እሷ ወረቀቱን እያስተካከለች ትሰፋለች።

«ምን እየፈለግሽ ነው ልጄ?» አሏት። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

ይመኙሻል ቀና አለች። ሁለቱም እጆቿ ወረቀት ይዘዋል፤ ማውዙን የነካው የለም። የማውዙ ቀስት ግን በስክሪኑ ላይ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ቀስቷ የፎቶዎቹን ፎልደር ከፈተች። አንድ ፊት መጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ። አንዳንዱን ቶሎ ታልፈዋለች። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሰው ሰውን ትክ ብሎ እንደሚያይ ቆየት ትላለች። አቶ አባይነህ ላይ ስትደርስ ቆመች። አቶ አባይነህ በሁዳዴ የተቀበሩ ሰው ናቸው።

ምስሉ ቀስ እያለ አደገ። ዓይናቸው ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ አደገ።

መሪጌታ አማተቡ። ይመኙሻል ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው።

በሳምንቱ የኮምፒውተር ጠጋኙ ወንድምአገኝ ከደብረ ብርሃን መጣ። ማሽኖቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚጠግንላት እሱ ነው። የሆነውን ሲሰማ ቫይረስ ነው አለ፤ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረገ፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነና ተመለሰ። ይመኙሻልም ዳነ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ጥቂት ቀናት ደኅና አለፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ደንበኛ ባልነበረበት ሰዓት፣ ፕሪንተሩ ማንም ሳያዘው ተነሳ። አንድ ወረቀት ስቦ አስገባ፤ እየጎተተ አትሞ አወጣው። ይመኙሻል ሳይታተም የቀረ የቆየ ትእዛዝ ይሆናል ብላ አነሳችው።

ወረቀቱ ላይ ያለችው ራሷ ነበረች። ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ መቀስ ይዛ ፎቶ ትቆርጣለች። የለበሰችው እህቷ የላከችላትን አረንጓዴ ሹራብ ነው። ሹራቡን ከሻንጣ አውጥታ ገና ያን ጠዋት መልበሷ ነበር። የቆረጠቻቸው ፎቶዎችም አሁን ፊት ለፊቷ ተበትነዋል።

ቀና ስትል ከስክሪኑ በላይ የተቀመጠችው የኮምፒውተሩ ካሜራ ትንሽ መብራት በርታለች።

በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነበሩ፤ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ትክ ብለው አዩት።

«መንፈስ ነው ይላሉ?» አለች።

«መንፈስ ከሆነ እጸልይልሻለሁ፤ ጠበልም እረጭልሻለሁ» አሏት። «ሰው ከሆነ ግን ጸሎት ብቻ አይበቃም። ሰው በበር ነው የሚገባ። በሩን የሚያውቀውን ጥሪ።»

ወንድምአገኝ ስልኩን ሲያነሳ የሆነውን ነገረችው። «ምንም ነገር አይንኩ እትዬ፤ እንዳለ ይተዉት። ካሜራዋን በፕላስተር ይሸፍኑልኝ» አላት። ሲመጣ ላፕቶፕና ከባድ ዩፒኤስ ተሸክሞ ነበር። ኮምፒውተሩን ከመንካቱ በፊት ጥግ ላይ አቧራ የለበሰውን የኢንተርኔት ሞደም አነሳ፤ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ብዙ ጊዜ አየው።

«በዚህ ነው የገባው» አለ። «እኔ ያጠብኩት ዊንዶውሱን ነው። በዚህ ውስጥ ግን የራሱ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ፈርምዌር ይሉታል። አምራቹ ቀዳዳ ባገኘ ቁጥር የተደፈነ አዲስ ያወጣል። ይሄ ግን ከተተከለ ጀምሮ ማንም አልነካውም። የይለፍ ቃሉ እንኳ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። የፕሪንተሩም ፈርምዌር፣ ካሜራዋን የሚያሠራው ድራይቨርም እንደዚያው አሮጌ ነው። ኮምፒውተሩን መቶ ጊዜ ባጥበው በዚሁ ተመልሶ ይገባል።»

«ማሽኑ አፕዴት አድርጊ እያለ ይለምነኝ ነበር» አለች ይመኙሻል። «እኔ ሁልጊዜ ‹በኋላ› የሚለውን ነው የምጫን። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማሽኑ ይሞታል ሲሉ ሰምቼ።»

«እውነታቸውን ነው። ዩፒኤሱን ያመጣሁት ለሱ ነው፤ መብራት ቢሄድ በባትሪው ያቆየዋል።»

«እና ሰውዬው የት ነው ያለው?»

«አይታወቅም። ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። ጎረቤትም ሊሆን ይችላል።»

ይህን ሲል ከፕላስተሩ ጠርዝ ሥር ብርሃን ፈነጠቀ። ካሜራዋ በራሷ በርታለች። በፕላስተር ስለተሸፈነች ፊታቸው አይታያትም፤ ድምፃቸው ግን ይሰማ እንደሆነ ማን ያውቃል? ወንድምአገኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ የስልክ መስመሩን ከሞደሙ ነቀለ። መብራቷ ወዲያው አልጠፋችም። ቆይታ ቆይታ ነው የጠፋች።

አዲሶቹን ፕሮግራሞች ደብረ ብርሃን ላይ በፍላሽ ገልብጦ ነበር የመጣው፤ በዚያ መስመር የሚወርድ ነገር ሁሉ መታመን የለበትም ብሎ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን እንደገና አጠበው። ከዚያ የሞደሙን ፈርምዌር ለወጠ፤ የይለፍ ቃሉን ይመኙሻል ራሷ መርጣ አስገባች። ቀጥሎ የፕሪንተሩን፤ ከዚያ የካሜራዋን ድራይቨር። በመጨረሻ፣ ሲመሽ፣ የኮምፒውተሩ የራሱ ፈርምዌር፣ ከዊንዶውሱም በፊት የሚነሳው ቀረ። ስክሪኑ ጠቁሮ አንዲት ነጭ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረች። ግማሽ ስትደርስ የቤቱ አምፖል ድርግም አለ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ። ይመኙሻል የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች። መስመሯ ግን አላቆመችም፤ እየተንፏቀቀች ሞላች፤ ማሽኑም ጠፍቶ ተነሳ።

ከዚያ ወዲያ ቀስቷ በራሷ ሄዳ አታውቅም። የተወሰደውን ግን የሚመልሰው አልነበረም። ወንድምአገኝ ፎቶዎቹ ተገልብጠው እንደሄዱ አልደበቃትም። ይመኙሻል ይህን ይዛ ዝም ማለት አልሆነላትም። ፎቶ ያስቀመጡትን ቤተሰቦች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ነገረች። አንዳንዱ ሳቀባት፤ አንዳንዱ ተቆጣት። የአቶ አባይነህ ባለቤት ወይዘሮ ጠጄ ግን አጠገባቸው አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ታዲያ የወሰዱት ሰዎች አይተው ምን አደረጉት?» አሉ።

«አላውቅም እማማ።»

«መሞቱን ያውቃሉ?»

«ከየት ያውቃሉ?»

«እንግዲያ በሕይወት አለ ብለው እየፈለጉት ይሆናል» አሉ። ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ።

ይመኙሻል ዛሬም ያንን ቤት አልዘጋችም። ዩፒኤስ ገዝታለች። አዲስ ፈርምዌር ወይም ድራይቨር ወጥቶ እንደሆነ በየወሩ ወንድምአገኝን ትጠይቃለች፤ ወጥቶ ከሆነ ደንበኛ ባለበት ሰዓት እንኳ ሥራዋን አቁማ ትጭነዋለች። ቀየት ከተማ ላይ እንደ እሷ ጽሕፈት ቤት ላላት ለአመተሥላሴም ሄዳ አሳይታታለች። ሰውዬው ማን እንደነበረ አልታወቀም። ወንድምአገኝ አንድ ቀን ሊያጽናናት ብሎ «እሱም እኮ ስምዎን ላያውቅ ይችላል» ብሏት ነበር። እሷ ግን ይህ የባሰ አስፈራት፤ ስሟን ሳያውቅ ያን ያህል ያያት ሰው መኖሩ።

የገበያ ዕለት ደንበኛ በሩ ላይ ተሰልፎ «ቶሎ በይ እንጂ» ሲላት፣ ያቺ ነጭ መስመር እየሞላች ከሆነ ከወንበሯ አትነሳም። «ትንሽ ታገሱኝ፤ እየዘጋሁ ነው» ትላለች። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነውና ሰው ምን እየዘጋች እንደሆነ አይገባውም።