ለኤርስኪን የላጨሁት ሣር

ኤርስኪን ጊተንስ ከባርቤዶስ ወደ እኛ ካውንቲ፣ ወደ አውራጃችን የክሪኬት ክለብ፣ የመጣው በ1974 ሚያዝያ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ ነው። የክሪኬት ሜዳውን የምንከባከበው ሰው እኔ ነበርኩ። ሦስት ሹራብ ደራርቦ ሰማዩን አየና፣ "ሽማግሌው፣ እዚህ አገር ፀሐይ የምትወጣው በፈቃድ ነው እንዴ?" አለኝ።

"የክለቡ ኮሚቴ ሲወስን ነው" አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዋደድን።

ፈጣን ወርዋሪ ነበር። ኳሷ በምትነጥርባት ጠባብ መሬት ላይ ትንሽ ለምለም ሣር ከተውኩለት ኳሷ ዘላ መቺውን ትናከሳለች፤ ከላጨሁት ትሞታለች። ስምንት ዓመት ተውኩለት። እሱም ስምንት ዓመት ጉልበቱን በመርፌ እየተወጋ ወረወረልን። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነውና ኮሚቴው ጉልበቱን አንድ ቀን አልጠየቀም። ስናሸንፍ "የእኛ ኤርስኪን" ነው፣ ስንሸነፍ "የውጭው ተጫዋች"።

ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። በውድድሩ ደንብ አሥር ዓመት የኖረ ተጫዋች እንደ አገሬው ይቆጠራል። ሚስቱ ኢዮና እዚሁ ሆስፒታል ትሠራለች፤ ልጁ ማርቫ አፏን የፈታችው በእኛ አነጋገር ነው። ውሉ ከታደሰለት ይቀራሉ፣ ካልታደሰ ይሄዳሉ።

በ1982 ነሐሴ መጨረሻ ሊቀመንበሩ ኮሎኔል ፔምበርተን የሣር ማጨጃዬን የማስቀምጥበት ቤት ድረስ መጣ። ቡድኑ ማሰለፍ የሚችለው አንድ የውጭ ሰው ብቻ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ አንድ ወጣት አውስትራሊያዊ መቺ ወዷል።

"ለቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ሣሩን ላጨው፣ አርተር። ሕዝቡ ኤርስኪንን ይወደዋል፤ እንዲሁ ብናሰናብተው ይጮኹብናል። ውጤቱ ራሱ ያሰናብተው።"

"ጌታዬ፣ ይሄ ሰው እኮ ጉልበቱን የጨረሰው ለእኛ ነው።"

"የምትኖርበት ቤት የክለቡ ነው አይደል?" አለኝ፣ እንደ ዋዛ።

ላጨሁት። መሬቱ እንደ ራሴ መላጣ ሆነ።

ጠዋት ኤርስኪን ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ሽማግሌው፣ ሣሩ ምን ነካው?"

"ድርቁ ነው" አልኩት።

ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ነበር የሰነበተው። ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ አየ፣ የእኔንም አየ። ኳሷን ይዞ ሄደ።

በሁለቱም ጨዋታ እያነከሰ ወረወረ፤ አንድም መቺ አላስወጣም። ሲጨርስ ተመልካቹ በጨዋ ደንብ አጨበጨበለት። በሳምንቱ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው፤ የኮሚቴው ምስጋና ስንብት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ሊሄዱ ሲሉ ማርቫን ይዞ ሊሰናበተኝ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ።

"ጨብጪው" አላት ልጁን። "ስምንት ዓመት ሣር የተወልኝ ሰው ይሄ ነው።"

ልጅቷ እጄን ጨበጠችና አመሰገነችኝ። የክለቡ ቤት ውስጥ አሁንም እኖራለሁ።