በሰው እርምጃ ራሴን ስለካ

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ቁሜ ልናገር ነው። ቁሜ ነው ያልሁት! ክብር ለስሙ ይሁን!

የስፖርት መምህር ነኝ። ጠዋት በሐይቁ ዳር ስሮጥ ከፊቴ ሰው ካየሁ ሳልቀድመው ቁርስ አይወርድልኝም ነበር። ባለቤቴ «ጉባኤ እንሂድ» ስትለኝ «የደከመው ይሂድ» እላት ነበር።

አንድ ቀን ሜዳ ላይ፣ ተማሪዎቼ ፊት ወደቅሁ። ሐኪሙ «ስትሮክ ነው» አለኝ። ግራ እጅና እግሬ አልታዘዝ አሉኝ።

ፊዚዮቴራፒ ስጀምር ጋሽ አየለ የሚባሉ ጡረተኛ ሾፌር አገኘሁ። እሳቸውንም እንደኔው ስትሮክ መቷቸው ከወንበር መነሳት አቅቷቸዋል። ወገኖቼ፣ እውነቱን ልናገር፤ እሳቸውን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። የመለማመጃውን ብረት ይዤ ስራመድ በጎን እያየኋቸው «ከሳቸውስ እሻላለሁ» እል ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ!

በሦስተኛው ወር ጋሽ አየለ ብረቱን ለቀው ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። «ሽማግሌ ቀደመኝ፤ በቃ፣ አልረባም» ብዬ ሕክምናውን ተውሁት። ባለቤቴ ለምናኝ ለምናኝ ታከታት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ አየለ ናቸው፤ እኛ ሰፈር ሰባታሚት ድረስ በባጃጅ መጥተው፣ ኮረኮንቹን በከዘራ ሄደው።

«ምነው ልጄ፣ ጠፋህ?»

«እርስዎ ድነዋል፤ እኔ ምን ልሠራ ልምጣ?» አልኋቸው።

«እኔማ ያንተን እግር እያየሁ አይደል የቆምሁት! መጀመሪያ ቀን ስትራመድ አይቼ፣ ‹ጌታ ሆይ፣ ይህን ያስቻልህ እኔንም አስችለኝ› አልሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስምህን ጠርቼ እጸልያለሁ።»

እኔ በድካማቸው ስደሰት እሳቸው ይጸልዩልኝ ነበር! እንደ ሕፃን አለቀስሁ። «ለዚህ ክፉ ልቤም ይጸልዩልኝ» አልኋቸው። እዚያው ሶፋው ላይ ጌታን ተቀበልሁ። ሃሌ ሉያ! ባለቤቴ ከጓዳ እልልታዋን አቀለጠችው።

በማግስቱ ወደ ሕክምናው አብረን ሄድን። እግሬ ወዲያው አልዳነም፤ ልቤ ግን ድኗል። ከቀናት በኋላ ባለሙያዋ «ዛሬ ያለ ብረት አራት እርምጃ!» ስትለኝ፣ የትናንቱን ሦስት አስቤ ጌታን አመሰገንሁ።

ዛሬ ግራ እግሬ ትንሽ ይጎተታል፤ እኔ ግን ኮርቻለሁ! በጌታዬ ኮርቻለሁ! ከእናንተ መካከል ከወንድሙ፣ ከጎረቤቱ ጋር ራሱን እያስተያየ ተስፋ የቆረጠ ካለ፣ እንዳለ ይምጣ። ጌታ እኔን ሲቀበለኝ ስንተኛ እንደወጣሁ አልጠየቀኝም።

ጋሽ አየለ ያውና፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬም ከበሩ እስከዚህ ቀድመውኝ ነው የገቡት። ጌታ ይባረክ!