ሄሮን ውስጥ የመለመልኩት ዛፍ

ጅቡቲ የገባሁት የእኛ ሚሊኒየም ሊከበር ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት ጅማ ነበርኩ። ሥራዬ ዛፍ መንከባከብ ነው፤ መትከል ሳይሆን፣ በየሰው ግቢ አርጅቶ ጣሪያ ላይ የተንጋደደውን ዋንዛና ዝግባ በገመድ እየወጣሁ መመልመል። ሙያውን ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ ናቸው። ጅማ ዝናቡ አያባራም፣ ብርዱም ሙቀቱም ልከኛ ነው፤ እዚያ የዛፍ ጠላቱ እርጥበት ነው። መምህሬ ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፦ «አናቱን ክፈትለት። ፀሐይ ይግባው፣ ነፋስ ይግባው። የሚበሰብስ የታፈነ ነው።» በዚህች ምክር ስንት ዓመት ሠራሁ፤ አንድም ዛፍ አልሞተብኝም።

ጅቡቲ የወሰደችኝ አክስቴ ናት። ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ነበራትና ዕቃ በማመላለስ አግዛት ጀመር። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን፣ «ሄሮን ሰፈር የሚኖሩ አንዲት የድሬዳዋ ሴትዮ ዛፌ ታመመብኝ ይላሉ። ያንተን ሙያ ነገርኳቸው፤ ሄደህ እይላቸው» አለችኝ። ደስ አለኝ። መጋዜንና ገመዴን ከሻንጣ አውጥቼ በሚኒባስ ሄድኩ።

ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ባለቤታቸው እዚያው ጅቡቲ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ቤቱ ከባሕሩ ብዙ የማይርቅ፣ ዙሪያውን በረንዳ ያለው የፈረንሳይ ዘመን ቤት ነው። ግቢው መሃል እኛ የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው፣ በአበባው ወራት ቀይ እሳት የሚመስለው ዛፍ ቆሟል። ባልየው በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ በዘይት ቆርቆሮ ተክለው፣ በባቡር ጭነው ያመጡት ነው አሉ። እኔ ያየሁት ቀን አንድ ቅጠል አልነበረውም። ጥቁር ረጃጅም ፍሬው ብቻ ተንጠልጥሎ በባሕሩ ነፋስ ይንኳኳል።

«እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«እሱ ከሞተ ወዲህ ነው ልጄ። አምናም እንዲህ አደረገው፣ ዘንድሮም ይኸው።»

በሩ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ፣ አዋሽ አካባቢ ያደገ የአፋር ሰው፣ አማርኛ ጥሩ ይሰማል። «አልታመመም፤ ተኝቷል» አለ።  እኔ ከቁብ አልቆጠርኩትም፤ ዘበኛ ስለ ዛፍ ምን ያውቃል ብዬ ነው።

ወጥቼ ቅርፊቱን በቢላዋ ጫር ጫር አደረግሁ። አንዱ ቅርንጫፍ ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቡናማ። ጅማ ቢሆን ወዲያው ይገባኝ ነበር። እዚህ ግን ሕያውና ሙት ያለ ወጉ ተደባልቆ አገኘሁት። አፌን ሞልቼ «አልገባኝም» ለማለት አፈርኩ። ባለሙያ ተብዬ ተጠርቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ሠራሁ፦ ሦስት ቀን ሙሉ አናቱን ከፈትኩለት፣ በተለይ በምዕራብ በኩል። ስጨርስ ግቢው በብርሃን ተሞላ። ሴትዮዋ መረቁኝ።

ግንቦት ሲገባ አክስቴ ጋ ሰው ላኩ። ስሄድ ዛፉ በምሥራቁ በኩል አብቧል፤ የምዕራቡ ግን ባዶ ነው። «ይዘገያል እማማ» አልኩ፤ አልዋሸሁም፣ ግን አላወቅሁምም። ከዚያ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ መጣ። ሐምሌ ሲባል የእኔ ሰውነት ካቦርት ነው የሚጠብቀው፤ እዚያ ሐምሌ ከምድጃ አፍ ላይ እንደመቆም ነው። ወሩ ሳያልቅ እንደገና ተጠራሁ። በምዕራብ በኩል ያለው ትልቁ ቅርንጫፍ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ፣ በእሳት እንደተቃጠለ ቆዳ ተልጦ ተንጠልጥሏል።

ሻጋታ ፈለግሁ፤ የለም። ነቀዝ ፈለግሁ፤ የለም። ብስባሽ ካለ ብዬ በመዶሻ መታሁት፤ እንጨቱ ደርቆ እንደ ደወል ጮኸ። መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ የምወርድበት ምክንያት ጠፋኝ፤ ወርጄ ምን እላለሁ?

«ውኃ ያንሰዋል። ጠዋትና ማታ ይጠጣ» አልኩ።

ሴትዮዋ ከግቢው ጉድጓድ እያስቀዱ ማጠጣት ጀመሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደህና የነበረው የምሥራቁ ቅጠል ጠርዝ ጠርዙ መጠውለግ ጀመረ። ላየው ስመጣ ዘበኛው ባልዲውን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው።

«ቅመስ።»

ቀመስኩ። ጨው ነው።

«አንተ መጀመሪያ ልብሱን አወለቅህበት» አለ፤ «ፀሐይ መታው። አሁን ደግሞ ባሕር አጠጣኸው። ወንድሜ፣ ይህ ዛፍ ምን አድርጎህ ነው?»

ተናደድኩበት። «አንተ በርህን ጠብቅ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ባልዲውን አንስቶ ሄደ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። አናት መክፈቴ ነው የገደለው? ጨዉ ነው? ወይስ እኔ ሳልመጣ ጀምሮ እየሞተ ነበር? የትኛውንም ብይዝ ሌላው ያፈርስብኛል።

በማግስቱ ቡላኦስ ስልክ ቤት ገብቼ ጅማ ወደ መምህሬ ደወልኩ። ድምፃቸው የሚሰማኝ በችግር ነው፤ ከጀርባቸው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«ሻጋታ አለው?» አሉኝ።

«የለውም ጋሼ።»

«ሥሩ ውኃ ቋጥሯል?»

«እዚህ ውኃ የሚባል የለም።»

 የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አልኩ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ የማውቀው ዝናብ የሚያገኘውን ዛፍ ነው። እዚያ ያለ ሰው ጠይቅ።»

ስልኩን ዘግቼ ስወጣ እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ዛፍ አውቃለሁ ስል የኖርኩት የጅማን ሰማይ ኖሯል።

ሄሮን ተመልሼ ዘበኛው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀ እንጂ አልተኮሳተረም። ከዚያ ሁለታችን አብረን ሠራን፦ ግንዱንና የተጋለጡትን ቅርንጫፎች ፀሐይ እንዳያቃጥላቸው በኖራ ቀባን፣ የተላጠውን በጆንያ ጠቀለልን፣ የጉድጓዱን ውኃ አቆምን። የሚጠጣውን ያመጡት ግን ሴትዮዋ ናቸው። ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ክሊማ በጀርባው የሚያንጠባጥበውን ውኃ በባልዲ ያጠራቅሙ ኖሯል፤ ልብስ ለሚተኩሱበት ካውያ ነው። «ጨው የለውም፤ ልብስ አያበላሽም» አሉ። ቀንና ሌሊት የተጠራቀመው ሁለት ባልዲ ይወጣዋል። ያንን ለዛፉ ሰጡ።

የምዕራቡ ቅርንጫፍ ግን አልተመለሰም። ጥቅምት ላይ ቆርጬ አወረድኩት። ሲወድቅ ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። መጋዜን አስቀምጬ ሄድኩና ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ይህን ያደረግሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዛፍዎ ያኔ የታመመ አይመስለኝም። ዘበኛው እንዳለው ተኝቶ ነበር። በየዓመቱ በዚያ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ ነው አለኝ። ድሮ አይተው አያውቁም?»

እንጨት ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ግቢውን የሚጠርገው እሱ፣ ባለቤቴ ነበር» አሉ። «ለሶላት ተነሥቶ፣ ከሰገደ በኋላ። እኔ ስነሣ ቅጠል የሚባል መሬት ላይ አይገኝም። ላይማ ማን ቀና ብሎ ያያል?» የወደቀውን ቅርንጫፍ እያዩ፣ «እሱ ከሞተ በኋላ መሬቱ ቅጠል ሲለብስ፣ ዛፉም ሊከተለው ነው ብዬ ነበር» አሉ።

ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ ያሉት ያ ብቻ ነበር።  እሳቸውን የሚያጽናና ነገር ነገርኳቸው ወይስ የሚያሳዝን፣ ፊታቸውን አይቼ መለየት አቃተኝ። ደስ ያላቸው ይመስላል፤ ያለቀሱም ይመስላል።

በሚቀጥለው ግንቦት ዛፉ በአንድ ወገኑ አበበ፤ እንደ ተንጋደደ ጃንጥላ ሆኖ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በዚያ ቤት ኖሩ፤ በኋላ ልጆቻቸው ድሬዳዋ ወሰዷቸው። እስኪሄዱ ድረስ በየወሩ ይጠሩኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚቆረጥ ነገር የለም። ዙሪያውን ዞሬ አየዋለሁ፣ ኖራው የለቀቀበትን እቀባለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ እሄዳለሁ። በእሳቸው ወሬ ሌሎች የሄሮን ቤቶችም ይጠሩኝ ጀመር፤ ኑሮዬ በዚሁ ተቃና። ያን ቅርንጫፍ መጋዜ ገደለው ወይስ ጨዉ፣ ዘበኛውና እኔ ብዙ ተከራክረንበት አልተስማማንም። እሱ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው ይላል። እኔ አንድ ቀን ፀሐይ ነው እላለሁ፣ ሌላ ቀን ጨው።