አባባ ያቆመበት ቦታ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታላቅ እህቴ አሮጌውን የዲቪዲ ማጫወቻ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ በሩ ስትሄድ ደረስኩባት። ከውጭ የቆራሌው ጥሪ ይሰማል፤ ከአስፋልቱ ጀምሮ ቅያሱን እየዞረ ወደ እኛ እየቀረበ ነበር። እናታችን ይህንን የኮልፌ ቤት ለቃ እኔ ጋ ልትኖር ስለሆነ ዕቃ እየለየን ነው። እህቴ ደግሞ የሚጣልና የሚያዝ ስትለይ ርኅራኄ የሚባል ነገር አታውቅም። «ይሄን ማን ያይበታል? በሳፋ ይለውጠን» አለች።

ከእጇ ስቀበላት አቧራው አፍንጫዬን ሞላው። ዳንቴሉ አሁንም ላዩ ላይ ነበር። ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙም ተተርትሯል። ናፍጣ ናፍጣ የሸተተኝ መሰለኝ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ናፍጣ ሊሸት እንደማይችል አጥቼው አይደለም፤ ግን ሸተተኝ።

«ይሄ አይሄድም» አልኳት። ለምን እንደሆነ ወዲያው አልነገርኳትም። አሥራ ሰባት ዓመት ያልተነገረ ነገር በር ላይ ተቁሞ አይነገርም።

ማጫወቻውን ያመጣችው ራሷ ነበረች። የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ዕለት ትልቅ ካርቶን ተሸክማ መጣችና ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠችው። እናቴ በማግስቱ ዳንቴል አለበሰችው፤ እኛ ቤት ዳንቴል ሳይለብስ የሚያድር ዕቃ የለም። እህቴ ሪሞቱን እጄ ላይ አድርጋ አጠቃቀሙን ስታስተምረኝ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። «ማቆሚያውን አንዴ ከተጫንሽው የቆመበትን ያስታውሳል። ሁለቴ ከተጫንሽው ግን ይረሳውና ከመጀመሪያው ይጀምራል» አለችኝ። እኛ ቤት አንድ ፊልም በአንድ ቁጭታ ታይቶ አያውቅም። ወይ መብራት ይሄዳል፣ ወይ እንግዳ ይመጣል፣ ወይ እናቴ ሽንኩርት ላጪ ትለኛለች። ስለዚህ ከምስሉ ጥራት ይልቅ ያ የማስታወስ ነገሩ ነበር የሚያስደስተኝ። መብራት ሄዶ ቢመጣ እንኳ አይረሳም ነበር።

አባባ አይነካውም። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ያንን የሚያህል አውቶቡስ በጠባቡ መንገድ በጋሪና በአህያ መሃል ሲያሳልፍ ቅንድቡ የማይነቃነቅ ሰው፣ ሪሞት ሲሰጡት እጁን ይሰበስባል። «የእናንተ ዕቃ ነው» ይላል።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። እህቴ ጴንጤ ሆነች፤ የምታገባውም ልጅ ከዚያው ከቸርቿ ነበር። አባባ የሰንበቴ ማኅበር አባል ነው፤ ሚካኤልን የሚዘክር፣ የዘወትር ጸሎቱን ሳያደርስ መሪ የማይጨብጥ ሰው። አልጮኸም። ባይጮህ ይሻል ነበር አልልም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «እኔ በማላውቀው ደጅ ቆሜ አልመርቅም» ብሎ እጁን ታጠበና ወደ መኝታው ገባ። የልጁ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሁለቱንም ጊዜ በወግ አስተናግዶ፣ አብልቶ አጠጥቶ ሸኛቸው። የእህቴን ስም ግን ከዚያች ማታ በኋላ ቤት ውስጥ አንስቶ አያውቅም።

የሰርጉ ዕለት አባባ የሰው ፈረቃ ለምኖ ተቀብሎ ሥራ ገባ። እናቴ እሱ እንደወጣ የሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች፣ አንድ ነገር በፌስታል ጠቅልላ ያዘች፣ እኔንም በእጄ ጎትታ ወጣች። የያዘችው ምን እንደሆነ ያወቅሁት አዳራሹ ውስጥ ነው። የሙሽራ ወላጆች ከሚቀመጡበት ከራሷ አጠገብ ባዶ ወንበር አስመጣች። ከፌስታሉ የአባባን ጋቢ አውጥታ፣ አጥፋ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ማንንም አላስፈቀደችም፤ የጠየቃትም የለም።

ጉልበት የሚሳምበት ሰዓት ደረሰ። እህቴ የእናቴን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞር አለችና ቆመች። ቬሎዋን ሰብስባ ተንበረከከች፣ ግንባሯን ከዚያም ከንፈሯን ጋቢው ላይ አድርጋ ቆየች። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ከእሷ ላይ አላነሳም። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ አፈርኩ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያየን እኛን መሰለኝ።

ማታ አባባ ብርድ እየቆረጠመው ገባና ጋቢውን ጠየቀ። እናቴ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር ብላ ከቅርጫት አወጣችለት። ጥለቱ አጠገብ የጥፍር ያህል ቀይ ነገር ነበረበት። እናቴ አላየችውም። አባባ ግን አየው፣ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ ተከናነበና እራቱን በላ።

ከወር በኋላ የሰርጉ ዲቪዲ መጣ። እናቴ አጠና ተራ ቅመም የምትሸጥበት ቦታ ድረስ እህቴ ሄዳ ሰጥታት ነበር። አባባ እራት ላይ አየውና «በዚህ ቤት አይከፈትም» አለ። እናቴም ከቡፌው መሳቢያ፣ ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ከተተችው። እኔ ሦስት ቀን ታገስኩ። በአራተኛው ከትምህርት ቤት ስመለስ አውጥቼ ከፈትኩት። ሚዜዎቹ የእህቴን ቬል ሲሰኩ እናቴ በሩን ስታንኳኳ ሰማሁ፤ ማቆሚያውን አንዴ ተጫንኩ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ፣ ዳንቴሉን መለስኩ። ዲስኩን ግን ከውስጥ ረሳሁት።

በማግስቱ ስከፍተው ካቆምኩበት አልጀመረም። ቬሉ ተሰክቶ አልቋል፣ መኪናው አዳራሹ በር ላይ ደርሷል። መጀመሪያ እናቴን ጠረጠርኩ። ግን እናቴ ድምፅ ለመጨመር እንኳ እኔን ነው የምትጠራው፤ ደግሞም ከእኔ ቀድማ አትገባም። ያኔ ዳንቴሉን ልብ አልኩት። ገልብጦ ነው ያለበሰው፤ የአበባው መልክ ወደ ታች ሆኗል። ሳሸተው ናፍጣ ሸተተኝ።

አባባ በጠዋቱና በከሰዓቱ ፈረቃ መሃል ቤት ይመጣ ነበር። እናቴ ሸፍና የሄደችውን ምሳ በልቶ ትንሽ ጋደም ይልና ስምንት ሰዓት ሲሆን ይወጣል። በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ከእሱ በቀር ሰው የለም። ሪሞቱን አይነካም፤ ማጫወቻው ፊት ላይ ያሉትን ቁልፎች እየዳበሰ ነው የከፈተው። ሲጨርስ አንዴ ተጭኖ ያቆመዋል፣ ዳንቴሉን ያለብሳል፣ ይሄዳል። ያጠፋው ይመስለዋል። ዕቃው የቆመበትን እንደሚይዝ የነገረው የለም።

ለማንም አልተናገርኩም። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው አባባ የት እንደደረሰ ማየት ሆነ። ከፍቼ አያለሁ፣ ወዲያው አንዴ ተጭኜ አቆማለሁ፣ ዳንቴሉን እንደ እሱ አድርጌ ገልብጬ አለብሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይሄድ ነበር፤ አንድ ቀን የአዳራሹን በር አለፈ፣ አንድ ቀን መዘምራኑን። ከዚያ ወንበሩ ጋ ደረሰ። በዚያ ዕለት የቆመው እህቴ ወደ ወንበሩ ዞር ስትል ነው። በማግስቱ ቬሎዋን ስትሰበስብ፤ በሦስተኛው ቀን ስትንበረከክ። በቀን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር የሚራመደው። ከዚያ በላይ አልቻለም። እኔም ቆሜ ሳየው ማልቀስ እፈልጋለሁ፣ ግን ለማን እንደማለቅስ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ጋቢው አይታጠብም ማለት ጀመረ። እናቴ ልታጥበው ስታነሳ ይነጥቃታል። ብርድ ነው ይላል፣ በግንቦት። «ይሄ ጋቢ ብቻውን ቆሞ ሊሄድ ነው» እያለች ታጉረመርም ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ቀን እናቴ ሳታንኳኳ ገባች። ደንግጬ ማቆሚያውን ተጫንኩት፣ የቆመ አልመሰለኝም፣ ደገምኩት። ስክሪኑ ጠቆረ። የሠራሁት ወዲያው ገባኝ፣ ግን እናቴ እዚያው ተቀምጣ የሽሮ ክክ መልቀም ጀመረች፤ ላስተካክለው አልቻልኩም።

በማግስቱ እኩለ ቀን አባባ ሲከፍተው ከመጀመሪያው ጀመረ። ማሳለፍ እንደሚቻል አያውቅም። ስለዚህ እዚያች ወንበር ጋ እስኪደርስ ሁሉንም ተቀምጦ አየው፤ ማለዳውን፣ ቬሉን፣ መኪናውን፣ መዘምራኑን። ከከሰዓቱ ፈረቃ ዘገየ። ከሃያ ዓመት በላይ ሲነዳ አንድ ቀን ዘግይቶ የማያውቅ ሰው የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይዞ ገባ። እናቴ ምን ሆነህ ነው ስትለው እንቅልፍ ጣለኝ አላት። እኔ ከሳህኔ ቀና አላልኩም። እሷ ወደ ማድቤት ስትወጣ ግን እያየኝ እንደሆነ ታወቀኝ።

«ይሄ ዕቃ የቆመበትን ያውቃል እንዴ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ያውቃል አባባ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ሁለቴ ተጫንኩት።»

ጋቢውን እስከ አንገቱ ሳበው። ከዚያ ለእህቴም ለእናቴም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ። ለምን አልኩት፤ እሱን ለምን ብሎ መጠየቅ ልማዴ አልነበረም።

«ያን ዕለት አልሄድም ያልኩ ሰው፣ አሁን ተደብቆ አየ ቢባል በምን ፊቴ አያታለሁ?»

ቃል ገባሁለት። ዲስኩን ግን አላወጣሁትም፤ ምናልባት ይመለስበት እንደሆነ ብዬ። አልተመለሰበትም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ዳንቴሉ እኔ እንዳለበስኩት ነበር። እኔ ባላውቅበት ኖሮ ይቀጥል ነበር፤ ምናልባት እስከ መጨረሻው ያይ ነበር። እሱን የከለከልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። በኋላ ዲሽ ገባና ማጫወቻው ዲስኩን እንደያዘ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ መጣች። አባባ ሕፃኑን አቅፎ መረቀው፤ እሷንም ደህና ነሽ ወይ አላት። ከዚያ በኋላ ይጠያየቁ ነበር። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ያወራሉ። ሰርጉን ግን አንዳቸውም አንስተው አያውቁም። አባባ የሞተ ጊዜ እህቴ ድንኳኑ ውስጥ ደረቷን እየመታች «ሙሽራ ሆኜ ሳታየኝ» ስትል ወገቧን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። የሟች አደራ ነው ብዬ ዋጥኩት። ትክክል ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም።

እና ባለፈው ቅዳሜ ማጫወቻውን መልሼ አስገባሁት። እህቴ ጊዜ አታባክኚ እያለች ካርቶን ስታስር ቀይ፣ ነጭና ቢጫውን ገመድ ሰካሁ። እናቴ መስኮቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ የሚሰማትን ግን አታልፍም። ዲስኩ እያንገራገረ ዞረ። ከወንበሩ ይጀምራል ብዬ በሞኝነት ተስፋ አድርጌ ነበር። ከመጀመሪያው ጀመረ። ረስቶታል።

ማጫወቻው ፊት ላይ ባለው ቁልፍ እያሳለፍኩ እህቴ ወደ ወንበሩ ዞር እስክትል ደረስኩና ለቀቅኩት።

«እኔ ቤቴ ሳየው እዚህ ጋ ስደርስ አሳልፈዋለሁ» አለች ቀና ሳትል።

«አባባ አላሳለፈውም» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የተገለበጠውን ዳንቴል፣ በቀን ጥቂት ሰከንዱን፣ የዘገየበትን ቀን፣ ያስገባኝን ቃል። ስናገር ድምፄ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነብኝ። እህቴ የያዘችውን ገመድ ለቀቀች፣ ካርቶኖቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ተንበርክካ ጋቢው ላይ ተደፍታለች።

«ጋቢውን አይቶታል?» አለችኝ።

«አይቶታል።»

«ለካ ለዚህ ኖሯል አላሳጥብም ያለኝ» አለች እናቴ ከመስኮቱ ሥር፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ።

ቆራሌው በራችንን አልፎ ወደ ቀራንዮ ሲወርድ ድምፁ እየራቀ ሄደ። እህቴ እጇን ዘርግታ ማቆሚያውን በአንድ ጣቷ ተጫነችና እንዳቃጠላት ሁሉ ቶሎ ሳበችው።

«አንዴ ነው የተጫንኩት፣ አይደል?» አለችኝ።

«አንዴ ነው» አልኳት።