ባሕሩ ሲመለስ

ሰው ለምን በገዛ እጁ አደጋ ውስጥ እንደሚገባ ብትጠይቁኝ የሌላውን አላውቅም። እኔ ለምን እንደገባሁ ግን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ሰው እያየኝ ስለነበር ነው።

በመምህርነት አሰብ ከተመደብኩ ገና ሁለተኛው ወር ነበር። አብረውኝ የሚያስተምሩት ሦስት ወንዶች እንደኔው ደገኞች ናቸው፤ ስለ ባሕር ሲያወሩ ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ ይመስላሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳርቻው ላይ ስንንሸራሸር አንደኛው፣ "ሴት ልጅ እዚህ ውሃ ውስጥ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አትገባም" አለ። እንዲህ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል።

ከፊታችን ውሃው ሸሽቶ አንድ የአሸዋ ጉብታ ብቅ ብሏል። "እዚያ ሄጄ ብርቱካኔን በልቼ እመለሳለሁ!" አልኳቸው። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ገባሁ። ውሃው ከጉልበቴ አላለፈም። ጉብታው ላይ ጉብ ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸው። ብርቱካኑንም እስኪያንገበግባቸው ድረስ ቀስ ብዬ ላጥኩት።

በእኛ አገር ወንዝ አንዴ ከጎደለ ክረምት እስኪገባ አይሞላም። ባሕር በሄደበት ቀን እንደሚመለስ ማን ነገረኝ? እግሬ ሲረጥብ ብድግ አልኩ፤ ዞር ብዬ ሳይ የመጣሁበት መንገድ ጠፍቷል። ዋና አልችልም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ግን መጮህ? ሦስቱ እያዩኝ? ፈገግ እንዳልኩ እጄን ማውለብለቤን ቀጠልኩ።

አንድ ሽበታም አፋር ዓሣ አጥማጅ ታንኳቸውን እየቀዘፉ ወደ እኔ መጡ።

"ሰላም ዓለይኩም፣ ልጄ። ምን ትሠሪያለሽ?"

"ወዓለይኩም ሰላም፣ አባቴ። እየተዝናናሁ ነው።"

መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጠበቁኝ። ውሃው ጉልበቴን ሲያልፍ፣ "አሁንም ትዝናኛለሽ?" አሉኝ።

"ኧረ በቃኝ!"

ጎትተው አስገቡኝ። ነፍሴ መለስ ሲልልኝ ወሬ ጀመርኩ።

"አባቴ፣ ዋና ያስተምሩኛል?"

"እኔም አልችልም።"

"እንዴ! ታዲያ በየቀኑ እንዴት ይደፍራሉ?"

የማሾፍባቸው መስሏቸው ትክ ብለው አዩኝ።

"ስድስት ልጅ አለኝ" አሉ።

ውሃው ጉልበቴ ድረስ ከሆነበት ስንደርስ አውርደውኝ ተመለሱ። እኔ ግን መቼ አርፌ! ለሦስቱ፣ "ታንኳው እንዲመጣልኝ ቀድሜ ነግሬ ነበር" ብዬ ዋሸኋቸው። አመኑኝ። አጨበጨቡልኝ፤ ሴት አትገባም ያለው እንኳ ባርኔጣውን አነሳልኝ።

ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ጥልቁ እየቀዘፉ ነበር። ለእሳቸው ያጨበጨበ የለም። እኔ ራሴ እንኳ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለቴን እርግጠኛ አይደለሁም።