የየኔታ በቅሎ የታሰረችበት ብረት

ፈንታው ሲናገር ድምፁ አይሰማም። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ መብራት የተበላሸበት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። መጥቶ ብልሽቱን ያገኛል፣ ይጠግናል፣ ግን «ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ አያውቅም። ለሽማግሌማ ጭራሽ! እኛም «የተባረከ ልጅ» እያልን እንመርቀው ነበር። ምርቃታችን ምን እንደሚያመጣበት መች አወቅን።

በልጅነቱ ያስተማሩት ጎረቤቴ ካህኑ የኔታ ቀለመ ወርቅ ናቸው። ዳዊቱን እሳቸው ዘንድ ደግሞ፣ ዜማ ከጀመረ በኋላ ነው ደብረ ታቦር ሄዶ የኤሌክትሪክ ሙያ የተማረው። አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል።

የየኔታ ልጅ ዘመኑ ሰመራ በረሃ ሾፌር ነበር። አምና ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ወደ አባቱ ግቢ ተመለሰ። ቤንዚን በልመና በሚገዛበት አገር ጉድ ተባለ። ከመኪናው ጋር፣ እዚያ ከተከራየው ቤት ግድግዳ ላይ የፈታውን ቻርጀርም ይዞ መጥቷል። ፈንታው ሳጥኑን አገላብጦ አየው። የሰመራ ፀሐይ ሽፋኑን ሰነጣጥቆታል። እዚያ ዝናብ ብርቅ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ክረምቱ ደጅ ላይ ደርሷል።

ስንጥቁን አሽጎ ቻርጀሩን ከጣራው ክዳን ሥር ሰቀለው። ኮረንቲ ቢያመልጥ ወደ መሬት እንዲወርድ ብሎም ረጅም ብረት ግቢው ውስጥ ተክሎ በሽቦ አያያዘው። ከታች ቋጥኝ ስለገጠመው ክንድ የሚያህለው ከላይ ቀረ። ኮረንቲ ሲያመልጥ ራሱ የሚቆርጠው ብሬከር ግን ከተማው ውስጥ ስላልተገኘ ከባሕር ዳር ታዘዘ። መንገድ ተዘግቶ ዘገየ፤ እሱ እስኪገባ ኮረንቲ ካመለጠ ብረቱን የነካ ይሞታል።

«እስኪመጣ ባትጠቀምበት ጥሩ ነበር» አለው ለዘመኑ።

«መኪናው ቆሞ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«እንግዲያ ዝናብ ካለ እንዳትሰካው» ብሎ ሄደ።

በሌላ ቀን ሲመለስ የየኔታ በቅሎ ዳማ እዚያ ብረት ላይ ታስራ አገኛት። የኔታ በራፉ ላይ ተቀምጠው ፊታቸው በርቷል።

«ተባረክ ልጄ! ይህች በቅሎ የእንጨቱን ችካል ሁሉ እየነቀለች አስመርራኝ ነበር። እንዲህ ያለ ችካል በዕድሜዬ አላየሁም።»

«የኔታ... ወዲያ ጥላው ዘንድ ቢያስሯት አይሻልም?»

«ምነው? ክፉ ነገር አለው?»

ፈንታው አፉን ከፈተ። ከዚያ «የለም የኔታ፣ እንዲያው ነው» አለ።

እንዲያው ነው! ይህችን ቃል ባስታወስሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ግን እኔስ ብሆን ምን እል ነበር? በእኛ አገር የኔታን «ተሳስተዋል» ከማለት ገደል መግባት ይቀላል። ፈንታው በማግስቱ ጠንካራ የእንጨት ችካል ይዞ መጥቶ ጥላው ውስጥ ተከለ። የኔታ መርቀው ጥጃዋን አሰሩበት። ዳማ ከብረቱ ንቅንቅ አላለችም። ጨንቆት ዘመኑን «ለአባትህ ንገርልኝ» ቢለው «እኔ? ሙያው ያንተ፣ ተማሪያቸው አንተ! ራስህ ንገራቸው» አለው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። የምንኖረው ግን ዝም አይነቅዝም በሚለው ነው።

ብሬከሩ በመጣ ቀን ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር ዘመኑ መኪናውን ሰክቶ ገበያ ወጣ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ድንገት ወረደ፤ ውሃው በቻርጀሩ ስንጥቅ ገባ። ፈንታው ብሬከሩን ኪሱ ውስጥ ይዞ እየሮጠ ግቢው ሲደርስ ዳማ አንዴ ጮኸችና በአራት እግሯ ተንቀጥቅጣ ወደቀች። የኔታ ነጠላቸውን ጥለው ሊፈቷት ወጡ። እጃቸው ወደ ብረቱ ተዘርግቷል።

ፈንታው አልጮኸም፤ ልማዱ አይደለም። በሁለት እጁ ደረታቸውን ገፈተራቸው። የኔታ ጭቃው ላይ በጀርባቸው ወደቁ፣ ክንዳቸው ተሰበረ። እሱ ወደ ቆጣሪው ሮጦ ኃይሉን አጠፋ። ዳማ ግን ሞታ ነበር።

ጎረቤት ያየው ግፍተራውን ብቻ ነው። ወሬው በሳምንቱ አርብ ገበያ ደረሰ፤ «ፈንታው የኔታውን መታ።» ኮረንቲ ነው ብሎ ቢያስረዳም የሚሰማው አጣ። ካህን የመታ እጅ ቤታችን አይገባም ተባለ። መብራት የጠፋባቸው በጨለማ መቀመጥን መረጡ። እኔም አልጠራሁትም፤ ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ እኛን ሽማግሌዎቹን አስከትሎ የኔታ ደጃፍ ተንበረከከ። የኔታ ክንዳቸው በመቃ ታስሯል።

«መግፋትህን ይቅር ብያለሁ። ባትገፋኝ ዛሬ ተዝካሬን ነበር የምትበሉት» አሉ። «እኔ የተቀየምሁት የፊተኛውን ነው። ክፉ ነገር አለው ብዬ ጠየቅሁህ። እንዲያው ነው አልኸኝ። ሞቴን እያየህ! እንዲህ ብዬ ነው ያስተማርሁህ?»

ሁላችንም አቀረቀርን። የየኔታን አለንጋ የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ቀና ብሎ የመለሰ ተማሪ ምን እንደሚያገኘው እናውቃለን። አንዱ ሽማግሌ ነገሩን ሊያለዝብ «አጥፍቻለሁ በል» ብሎ ፈንታውን ጎሰመው።

ፈንታው ከድንጋዩ ሥር ቀና አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አጥሩ ተሰማ።

«አዎን፣ የኔታ። እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩኝ።»

ዝናም ባይኖርም መብረቅ የወረደብን ያህል ደነገጥን። የኔታ ወደ ብረቱ ዞረው የዳማ ገመድ የፋቀውን ቦታ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በደኅናው እጃቸው ድንጋዩን ከተማሪያቸው ማጅራት ላይ አነሡት፤ ከብዷቸው ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ተነሣ ልጄ» አሉት። «ይህ የእኔ ነው።»