የኪዳነ አሥራ ሁለት ጠቅታ

ሮማ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች ባንዱ በር ላይ ቆማችሁ «መካኒክ!» ብላችሁ ብትጣሩ ሦስት ሰው ቀና ይላል። አንደኛው በሕይወቱ ጎማ ነፍቶ አያውቅም። ሁለተኛው የነካው መኪና ዳግመኛ አይነሳም። ሦስተኛው ኪዳነ ነው። ኪዳነ ከሌሎቻችን የሚለየው ስላልተጠየቀው ነገር አቋም የማይወስድ፣ መግለጫ የማያወጣ፣ ጠረጴዛ የማይደበድብ በመሆኑ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ፍላሚኒያ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተጋድሞ ኖሯል፤ ዓለምን የሚያውቃት ከሆዷ በኩል ነው። ከሆዷ በኩል ሲያዩዋት ደግሞ የማያፈስ የለም።

የአሥመራ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ያገኘው ከትምህርት ቤት ነው። አማርኛውን ያፍታታችለት ግን ሚስቱ ዓይናለም ናት፤ የጉለሌ ልጅ። ዓይናለም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአንዲት ሲኞራ ቤት ሠርታለች። አሮጊቷን ከአልጋ ስታነሳ፣ አልጋ ላይ ስትመልስ ኖረች። አሮጊቷ በዘጠና አራት ዓመታቸው አረፉ። የዓይናለም ወገብ ግን ማረፊያ አላገኘም። ሐኪሞቹ አከርካሪዋ ላይ ክፉ ዕጢ መውጣቱን ሲነግሯት ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነበር።

የኪዳነ ሙያ አሞርቲዛቶሬ ነው፤ አዲስ አበባ ሾክ የሚሉት። ሞላው መኪናውን ወደ ላይ ሲያነጥረው፣ ያን ንጥረት ይዞ የሚያስታግሰው ዘይት የታጨቀበት ቱቦ ማለት ነው። የእሱ አሮጌ መኪና ላይ ያሉት የሚስተካከሉ ዓይነት ናቸው። አናታቸው ላይ በጣት የሚዞር ቁልፍ አለ፤ ከለስላሳው እስከ ጠንካራው አሥራ ሁለት ጠቅታ። ቁልፉ በዞረ ቁጥር ዘይቱ የሚያልፍባት ቀዳዳ ትጠባለች። ዕድሜ ሲመጣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ይላላል፤ ትናንት በሦስት ጠቅታ የተያዘው ንጥረት ዛሬ አምስት ይጠይቃል። አሥራ ሁለት ላይ ሲደረስ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ የለም።

«ሹፌሩን አትጠይቁት» ይል ነበር ኪዳነ ለደንበኞቹ። «ሹፌር ከመኪናው ጋር አብሮ ስለሚያረጅ አይታወቀውም። ሰንብቶ የተሳፈረውን ሰው ጠይቁ።»

ይህን ሕግ ለሮማ ሕዝብ ሁሉ ሰበከ። ሰባኪ ግን የገዛ ስብከቱ እንደማይመለከተው የታወቀ ነው።

በየሳምንቱ ማክሰኞ ዓይናለምን ከሚኖሩበት ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ሮማ ሆስፒታል ለሕክምና ያመላልሳታል። ነርሷ ገና በመጀመሪያው ወር «አምቡላንሳ እንላክላችሁ?» ብላ ጠይቃ ነበር።

«የአምቡላንስ ሞላ ለጆንያ ነው የተሠራው» አለ ኪዳነ። «ሚስቴን እኔ አደርሳታለሁ።»

መስከረም ላይ በሦስት ጠቅታ ጀመሩ። ዓይናለም ካቃሰተች ዳር ይይዝና ይወርዳል። በዚያ የተበላ ጉልበቱ ተንበርክኮ ቁልፏን አንድ ጠቅ ያደርጋል፤ ዞሮም ሌላውን። ከዚያ በመስኮት አንገቱን ያስገባል።

«አሁንስ?»

«ቫ ቤኔ። ተሻለ።»

ለገና ሰባት ላይ ነበሩ፤ ለፋሲካ አሥራ ሁለት። ቱቦው ላይ የዘይት እርጥበት አይቷል። የደንበኛ መኪና ቢሆን «ሞቷል፣ ቅበሩት» ይል ነበር። የራሱን ግን በጨርቅ ጠረገና «ላቦት ነው» አለ። አሥራ ሁለት ከደረሰ በኋላም መውረዱን አልተወም፤ ቁልፏን ወደ ኋላ ይመልሳታል፣ ደግሞ ያጠብቃታል። ዓይናለምም «ተሻለ» ትለዋለች።

ከፋሲካ በኋላ ዘርፈሽዋል መጣች። የዓይናለም የልብ ጓደኛ ናት፤ ወንድሟን ልታስታምም አዲስ አበባ ስምንት ወር ቆይታ ነበር። ማክሰኞ ዕለት አብራቸው ከኋላ ተሳፈረች። ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ላይ እንደደረሱ ጮኸች።

«ውይ ጋሽ ኪዳነ! ይቺ መኪና ምን ነካት? ሰግራ የማታውቅ በቅሎ ሆናለች እኮ! አንዴ ከተነሳች አትቀመጥም እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ዘርፌ» አለች ዓይናለም።

ቶሎ ነው ያለችው፤ በጣም ቶሎ። ኪዳነ ዞር ብሎ አያት። በሩ ላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ የታችኛው ከንፈሯ ጥርሷ ሥር ነው። ያንን አያያዝ ለወራት አይቶታል። ልማድ መስሎት ነበር።

በማግስቱ አሞርቲዛቶሬዎቹን ፈታ። ደኅናው በመዳፍ ሲጫኑት እየተግደረደረ ይወርዳል፤ እነዚህ ባዶ ኪስ እንደገባ እጅ ስምጥ አሉ። ቁልፉን አንድ ላይ አድርጎ ተጫነ፣ አሥራ ሁለት ላይ አድርጎ ተጫነ። አንድ ናቸው። ዘቅዝቆ ቢያራግፈው ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር ዘይት ወጣ።

ቤት ሲገባ እጁን እንኳ አልታጠበም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ቁልፏ መሥራት የተወችው።»

ዓይናለም ትራሷን አስተካከለች። «ከገና ወዲህ መሰለኝ።»

«ታዲያ ‹ተሻለ› የምትዪኝ ምኑን ነው?»

«ምን ልበልህ? አስፋልት ላይ ተንበርክከህ፣ መኪናው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋብህ ታዞራታለህ። ከዚያ ብቅ ብለህ ፊቴን ታያለህ። ‹ተሻለ› ስልህ አንተ ይሻልህ ነበር።»

«አምቡላንሳ እንጠራ ነበር እኮ፣ ዓይኔ!»

«አሎራ፣ እኔ እዚያ ውስጥ ተጋድሜ፣ አንተ ከኋላ ብቻህን ልትነዳ?»

ቡና ቤት ወሬው ሲደርስ ጠቢባኑ ሸንጎ ተቀመጡ። ጎማ ነፍቶ የማያውቀው መካኒክ «እኔ ብሆን በድምፁ አውቀው ነበር» አለ። ይህን ያለው ሰው አንድ ቀን የገዛ ሚስቱን ድምፅ ሰምቶ እንደሁ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ያዘዛቸው አዲስ አሞርቲዛቶሬዎች ቅዳሜ ደረሱ። እሑድ ኪዳነ ቅዳሴ ቀርቶ ገጠማቸው። ሦስት ጠቅታ ላይ አደረጋቸውና በእሷ መቀመጫ ላይ ውሃ የሞላ ኩባያ አስቀምጦ ያንኑ ጥርብ ድንጋይ ሄደበት፣ ተመለሰበት። መቀመጫው አልራሰም። መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ ቆየ።

ሰኞ ጠዋት ዓይናለም እግሯ አልታዘዝ አላት። መቀመጥም አልቻለችም። ማክሰኞ አምቡላንስ መጥቶ በቃሬዛ ወሰዳት። ዘርፈሽዋል አብራት ገባች፤ ከአንድ ሰው በላይ አይፈቀድም። ኪዳነ ከኋላ ብቻውን ነዳ። ጥርብ ድንጋዩ ላይ ፊት ለፊቱ የአምቡላንሱ በር ይንቀጠቀጣል፤ የእሱ መኪና ግን ምንጣፍ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነበረች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቃሬዛውን ሲያወርዱ ደረሰ። ዓይናለም ፊቷ አመድ መስሏል። እጁን ፈልጋ ያዘችው።

«አዲሶቹስ?» አለችው። «እንዴት ናቸው?»

ኪዳነ ላቧን በመሐረቡ ጠረገላት።

«ያው ናቸው» አለ። «ምንም ለውጥ የላቸውም።»